የጃፓን የዝነኞች ፎቶ መጽሐፍ፦ ክሱ የተሳሳተ፣ ተከሳሹም ንጹሕ ያልሆነ

በጃፓን የሕትመት ሥራ ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው በጃፓን የመጻሕፍት መደብሮች ውስጥ ሰፊ ቦታ ስለያዙት የተዋንያን፣ የዘፋኞችና የስፖርተኞች ፎቶ መጻሕፍት ነው። ጸሐፊው አምስት ክሶች አቅርበዋል። መጻሕፍቱ የ1990ዎቹ የገበያ ስካር የወለዳቸው ናቸው፤ የሚገዟቸው ወንዶች ብቻ ናቸው፤ በ1991 የወጣው የተዋናይት ሪዬ ሚያዛዋ የራቁት ፎቶ መጽሐፍ ገንዘብ ከማስገባት በቀር የለወጠው ነገር የለም፤ እውነተኛውን የፎቶግራፍ ጥበብ ገድለዋል፤ ሥነ ጽሑፍንም ከመደርደሪያ አፈናቅለዋል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ቁጣውም ከልብ እንደሆነ ያስታውቃል። ነገር ግን ቁጣው ያረፈው ሊያርፍ በማይገባው ቦታ ላይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ ጸሐፊው እንዳደረጉት እኔም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ከመጀመሪያው ክስ እንነሣ። በጃፓን ዝነኛን ሰው በወረቀት ላይ አትሞ መሸጥ ከፎቶግራፍ በፊት የነበረ ንግድ ነው። በ1794 ሱታያ ጁዛቡሮ የተባለው የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) አሳታሚ ሻራኩ የሣላቸውን የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቲያትር) ተዋንያን ፊት በእንጨት ቅርጽ እያተመ ገበያ ላይ ያወጣ ነበር። ያው አሳታሚ በኡታማሮ እጅ የተሣሉ የሻይ ቤት ቆነጃጅትንም ይሸጥ ነበር፤ ሴቶቹ በስም የሚታወቁ፣ ሰው ሊያያቸው ብቻ ሻይ ቤታቸው የሚሰለፍላቸው ነበሩ። ዋጋው ተራ የከተማ ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ነበር። መንግሥት ግን አልወደደውም፤ መጀመሪያ የሴቶቹ ስም በሥዕሉ ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ፣ በ1842 ደግሞ የተዋንያንንና የጌሻዎችን (በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶችን) ሥዕል ጭራሹን አገደ። የዛሬው ጸሐፊ የሚያነሡትን የሥነ ምግባር ስጋት የኤዶ ባለሥልጣናት ቀድመዋቸው በአዋጅ አውጀውታል ማለት ነው። አዋጁም ብዙ አልሠራም።

ካሜራው ሲመጣ ንግዱ መሣሪያ ቀየረ እንጂ አልተቋረጠም። በ1890 ቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር ውስጥ ሪዮኡንካኩ የሚባል ባለ 12 ፎቅ ግንብ ተመረቀ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አሳንሰር ያለው ሕንፃ ነበር። አሳንሰሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ደረጃውን በእግሩ የሚወጣ ጎብኚ ለመሳብ ባለቤቶቹ በ1891 አንድ ዘዴ ፈጠሩ፦ ፎቶግራፍ አንሺው ካዙማሳ ኦጋዋ ያነሣቸውን የ100 ጌሻዎች ፎቶ በግንቡ ውስጥ ሰቅለው ጎብኚው የወደዳትን እንዲመርጥ አደረጉ። ፎቶዎቹ ኋላ በአልበም ታትመው ተሸጡ። የተበላሸ አሳንሰር ይህን ያህል ለሕትመት ውለታ የዋለበት ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግንቡ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፤ በዚያው ሰፈር በ1921 የተከፈተው ማሩቤል ዶ የተባለ ሱቅ ግን የተዋንያንን ፎቶ በነጠላ መሸጡን ቀጠለ። ስለዚህ 1990ዎቹ የዚህ ነገር መወለጃ ናቸው ማለት ታሪኩን ከመካከሉ ከፍቶ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ክስ «ገዢዎቹ ወንዶች ብቻ ናቸው» የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ያሉት በእርግጠኝነት፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ነው።

በኖቬምበር 2004 ኮሪያዊው ተዋናይ ቤ ዮንግ ጁን ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ 3,500 ያህል ሰዎች ጠበቁት፤ አብዛኞቹ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ነበሩ። በማግስቱ ካረፈበት ሆቴል ደጃፍ በተፈጠረው ግፊያ አሥር ያህሉ ተጎዱ። ተዋናዩ የመጣው ፊልም ሊያስመርቅ አልነበረም፤ የመጣው የፎቶ መጽሐፉንና ከመጽሐፉ ጋር የተያያዘውን የፎቶ ትርኢት ሊያስተዋውቅ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥም ለወራት በስፖርት ያደለበውን ጡንቻውን ልብሱን አውልቆ አሳይቷል። ማን ማንን ይመለከት እንደነበር ለመረዳት ከዚህ በላይ መረጃ አያስፈልግም። ከዚያ በፊት በ2001 የጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ፎቶ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። ሰውየው ጸጉሩን እንደ አንበሳ ያጎፈረ፣ በጊዜው ፖስተሩ ሳይቀር የሚሸጥለት ፖለቲከኛ ነበር፤ ያን መጽሐፍም በወንድ ዓይን ብቻ የሚያስረዳ ሰው ካለ ልስማው።

የቅርቡ ታሪክ የበለጠ ያስገርማል። ኖጊዛካ 46 ከተባለው የሴት ልጆች የሙዚቃ ቡድን ማይ ሺራይሺ በፌብሩዋሪ 2017 በአሳታሚው ኮዳንሻ በኩል ያወጣችው ፎቶ መጽሐፍ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ከዓመታት በኋላ የታተመው ጠቅላላ ቁጥር 500,000 አለፈ። ሺራይሺ ዘፋኝ ብቻ አልነበረችም፤ የወጣት ሴቶች ፋሽን መጽሔት ቋሚ ሞዴል ነበረች። የቡድን ጓደኛዋ ናናሴ ኒሺኖም እንዲሁ። እነዚህን መጻሕፍት ገዝተው ወደ ቤት ከወሰዱት መካከል የልብሱን አቆራረጥ፣ የከንፈር ቀለሙን፣ የጸጉሩን አሠራር የሚያጠኑ ሴቶች ብዙ ነበሩ። በዲሴምበር 2019 የቀድሞ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ሚናሚ ታናካ በባርሴሎና ያስነሣችው ፎቶ መጽሐፍ ከ600,000 ቅጂ በላይ ሲታተም ታናካ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ በሴቶች ዘንድ የምትታወቀውም በቆዳ አያያዝና በውበት ምክሯ ነው። አሳታሚው ታካራጂማሻ የሴቶች መጽሔት በማሳተም የከበረ ድርጅት ነው። ለማን እንደሚሸጥ አሳምሮ ያውቃል።

ይህን የምለው ወንድ ገዢ የለም ለማለት አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ጸሐፊው ግማሹን አንባቢ ከሥዕሉ ቆርጠው ካወጡ በኋላ የቀረውን ግማሽ ይወቅሳሉ። ሴት ልጅ ሌላዋን ሴት ለማድነቅ፣ ለመምሰል ወይም እንዲሁ ለማየት መጽሐፍ ልትገዛ ትችላለች የሚለው ሐሳብ ጭራሽ የመጣላቸው አይመስልም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ ያልቃል። «የ1991ዱ መጽሐፍ ምንም አልለወጠም፤ ተዋናይቷንም አበላሽቶ ቀረ» ይላሉ ጸሐፊው።

በጃፓን የወንጀል ሕግ ውስጥ በ1907 የወጣ አንቀጽ 175 የሚባል ድንጋጌ አለ። ጸያፍ ነገር ማሰራጨትን ይከለክላል፤ ጸያፍ ማለት ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሕጉ የተወውን ባዶ ቦታ የሞላው ፖሊስ ነው። ለአሥርት ዓመታት መለኪያው አንድና ግልጽ ነበር፤ በራቁት ሰው ፎቶ ላይ የኀፍረት አካባቢ ጸጉር ከታየ ወንጀል ነው፣ ካልታየ አይደለም። የፎቶው ሐሳብ፣ የአንሺው ዓላማ፣ የተነሺው ክብር አይጠየቅም። ከውጭ የሚገቡ መጽሔቶች ጉምሩክ ላይ ተይዘው ያ ቦታ በጥቁር ቀለም ይደለዝ ነበር። አንድ አገር ጥበብንና ብልግናን የሚለየው በጸጉር ከሆነ ነገሩ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም።

የፈረሰው በዝነኞች ፎቶ መጽሐፍ ነው። በ1991 መጀመሪያ ላይ ፎቶግራፍ አንሺው ኪሺን ሺኖያማ ከተዋናይት ካናኮ ሂጉቺ ጋር የሠራው መጽሐፍ መስመሩን አለፈ። ፖሊስ አሳታሚውን በቃል አስጠነቀቀ፤ ክስ ግን አልመሠረተም። በዚያው ዓመት ሺኖያማ ወንዱን ተዋናይ ማሳሂሮ ሞቶኪን በተመሳሳይ መንገድ አነሣ፤ ሞቶኪ ኋላ በ2009 ኦስካር ያገኘው የጃፓን ፊልም ዋና ተዋናይ የሆነው ሰው ነው። ከዚያ ኦክቶበር 13 ቀን ዮሚዩሪ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ይዞ ወጣ። በማስታወቂያው ላይ ያለችው ሪዬ ሚያዛዋ ነበረች፤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያና በድራማ አገር ያወቃት የ18 ዓመት ወጣት። ዮሚዩሪ በዚያን ጊዜ በየማለዳው ወደ 10 ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ የሚሠራጭ፣ አባት ቁርሱን እየበላ የሚያነብበው ጋዜጣ ነበር። ድንጋጤው ከዚህ የመጣ ነው፤ ነገሩ ከኋላ መደርደሪያ ተነሥቶ በቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀመጠ። መጽሐፉ በኖቬምበር ሲወጣ ዋጋው 4,500 የን ነበር፤ ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ያሳተመው ደግሞ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት በማዘጋጀት የሚታወቅ ድርጅት ነው። የወሲብ መጽሔት አሳታሚ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ እጁን እንዲህ አጣጥፎ መቀመጡ ያጠራጥረኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተዋናዮች በዚያው መንገድ ሄዱ፣ ሳምንታዊ መጽሔቶች ተከተሉ፣ የጸጉሩ መለኪያም ተረሳ። የአንቀጽ 175 ቃል እስከ ዛሬ አለ፤ አተረጓጎሙ ግን የድሮው አይደለም። በ1999 የአሜሪካዊው ሮበርት ሜፕልቶርፕ ፎቶ መጽሐፍ የጃፓን ሕትመት ናሪታ ላይ ከራሱ ከአሳታሚው ሻንጣ ተወስዶ ተያዘ፤ አሳታሚው ተከራከረ፣ በፌብሩዋሪ 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጽሐፉ ጸያፍ አይደለም ብሎ ፈረደለት። ጥቁር ቀለም ይዞ በሚጠብቅ ጉምሩክና በዚህ ፍርድ መካከል ያለውን ርቀት እያየ «ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው ምን ቢለወጥ እንደሚጠግብ አላውቅም።

ተበላሸች ስለተባለችው ተዋናይትም አንድ ነገር ልበል። ሚያዛዋ በ2001 በሞስኮ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች፤ የጃፓን አካዳሚ የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ደግሞ ሦስት ጊዜ አሸነፈች። መድረክ ላይም በአገሪቱ ታላላቅ አዘጋጆች ዘንድ የምትፈለግ ናት። አንዲት ሴት ራቁቷን ፎቶ ከተነሣች በኋላ ሕይወቷ አብቅቷል ብሎ የሚያስበው ጸሐፊው እንጂ የጃፓን ተመልካች አልነበረም።

«የፎቶግራፍን ጥበብ ገድለዋል» የሚለውን አራተኛውን ክስ በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም በራሱ ይፈርሳል። በ1963 ፎቶግራፍ አንሺው ኤይኮ ሆሶዬ ልብ ወለድ ደራሲውን ዩኪዮ ሚሺማን እያነሣ ያዘጋጀው መጽሐፍ ዛሬ በዓለም የፎቶ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ ከቁንጮዎቹ የሚቆጠር ነው። ሚሺማ ማን ነበር? በዘመኑ ፊልም ላይ የሚተውን፣ ሰውነቱን የሚገነባ፣ መጽሔት የሚሻማበት ዝነኛ። የመጀመሪያውን ሕትመት ኮሄይ ሱጊዩራ፣ የ1971ዱን ደግሞ ታዳኖሪ ዮኮ ነደፉት፤ የጃፓን የግራፊክ ንድፍ ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1953 ኬን ዶሞን የደራስያንና የሠዓልያንን ፊት ሰብስቦ አሳትሟል። በዚያ ሥራ ሠዓሊው ሪዩዛቡሮ ኡሜሃራ በዶሞን ጭቅጨቃ ተማርሮ የተቀመጠበትን ወንበር አንሥቶ መሬት ላይ ወርውሯል፤ ዶሞን ግን የተናደደውን ፊት ከማንሣት አልተመለሰም። ይኸው ዶሞን በ1960 የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ልጆች ድህነት የሚያሳይ መጽሐፍ በርካሽ ወረቀት አሳትሞ በ100 የን ሸጠ። ዝነኛውንና ድሀውን ያነሣው አንድ እጅ ነው። ዘመኑ ሲቀየርም እንደዚያው ነው፤ በ2001 የኪሙራ ኢሄይ የፎቶግራፍ ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ወጣት ሴቶች ጋር የወሰደችው ሚካ ኒናጋዋ ተዋናዮችንና ዘፋኞችን በማንሣት የምትታወቅ ናት። ጥበቡን የገደለው ማን ነው ታዲያ? ሬሳውን አሳዩኝ።

«ሥነ ጽሑፍን አፈናቅለዋል» የሚለው አምስተኛው ክስ የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ በሒሳብ ልመልስ። የሺራይሺ መጽሐፍ 500,000 ቅጂ፣ አንዱ በ2,000 የን ገደማ ቢሸጥ 1 ቢሊዮን የን ይሆናል። በ2017 የጃፓን የወረቀት ሕትመት ጠቅላላ ሽያጭ 1.37 ትሪሊዮን የን ነበር። ይህ ከአሥርት ዓመቱ ታላላቅ የፎቶ መጻሕፍት አንዱ፣ ያውም የብዙ ዓመት ሽያጩ ተደምሮ፣ ከአንድ ዓመቱ ገበያ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሚያዛዋ መጽሐፍም ወደ 7 ቢሊዮን የን የሚጠጋ ገቢ አስገብቶ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜው ገበያ ግን ከ2 ትሪሊዮን በላይ ነበር። ይህን የሚያህል ፍሬ ያንን የሚያህል ጎተራ አያራቁትም።

ገበያው እንደወደቀ አልክድም። በ1996 ከ2.65 ትሪሊዮን የን በላይ የነበረው የወረቀት ሕትመት ዛሬ ከግማሽ በታች ነው። በብዛት የወደቀው ግን መጽሔት ነው፤ በ2016 የመጽሔት ሽያጭ ከ41 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ ሽያጭ በታች ሆነ። ባቡር ውስጥ መጽሔት ይገልጥ የነበረ እጅ ስልክ ይዟል። ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ሞተ ከተባለ በኋላ በ2013 የሃሩኪ ሙራካሚ አዲስ ልብ ወለድ በወጣ በሳምንት ውስጥ ሕትመቱ 1 ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ። የሺራይሺን መጽሐፍ ያሳተመው ኮዳንሻ ከ1946 ጀምሮ ወርኃዊ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ያወጣል፤ እንዲህ ያለው መጽሔት በየትም አገር ቢሆን በራሱ ትርፍ የሚኖር አይደለም። ሌላ ነገር ሲሸጥ ነው የሚኖረው።

እንግዲህ ጸሐፊው ሊከስሱ ይገባቸው የነበረውን ላንሣ፤ እነዚህ መጻሕፍት ንጹሐን ናቸው ብዬ አላምንምና።

አንደኛው ሽያጩ ነው። በጃፓን ከ1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የመጽሐፍን ዋጋ የሚወስነው አሳታሚው ነው፤ ከሆካይዶ እስከ ኦኪናዋ ያለ መደብር ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። መደብሩም መጽሐፉን ከአከፋፋይ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ «ሽጠህ ክፈል» በሚል ዓይነት ውል ነው፤ ያልተሸጠውን ይመልሳል። ይህ ሥርዓት ለግጥም መድብልና ለትንሽ ከተማ መደብር በጎ ውሎላቸዋል። ነገር ግን በዋጋ መወዳደር ሲከለከል መደብሮች በሌላ ነገር መወዳደር ጀመሩ። ይኸኛው መደብር የተለየ ሽፋን ያለው ቅጂ ይሸጣል፣ ያኛው ሌላ ቦታ የማይገኝ ፖስትካርድ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ዘፋኟ በእጇ መጽሐፉን የምታቀብልበት ዝግጅት ትኬት ይሰጣል። ውስጡ አንድ የሆነውን መጽሐፍ አድናቂው ሦስትና አራት ጊዜ ይገዛል። የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ኦሪኮን በተባለው የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ዜና ስለሚሆን አሳታሚውም፣ የሥራ ወኪሉም፣ መደብሩም ይህን ይፈልጉታል። በጃንዋሪ 2019 የኖጊዛካ 46ቷ የኤሪካ ኢኩታ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት 201,000 ቅጂ ሲሸጥ ምን ያህል ሰው እንደገዛው ቁጥሩ አይነግረንም፤ የሚነግረን ስንት ቅጂ ከመደብር እንደወጣ ነው። ለአንድ ወጣት አድናቂ ኪስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ሚያዛዋ መጽሐፉ ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር፤ በጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለአካለ መጠን መድረሻው እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ 20 ዓመት ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ውል ስትገባ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ የእርሷ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ እናቷ ነበሩ። ፈቃጁና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆኑ የልጅቷን «እሺ» የሚጠይቃት ማን ነው? ሚያዛዋ ከዚያ ወጥታ ታላቅ ተዋናይት መሆኗ የእርሷ ብርታት ነው፤ ለውሉ ምስክር አይሆንም። ከእርሷ በኋላ ደግሞ ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸው፣ ዕድሜያቸውም ከእርሷ በጣም ያነሰ ልጆች የዋና ልብስ ለብሰው በመጻሕፍት ሲሸጡ ኖረዋል። ሕፃናትን ከእንዲህ ያለ ብዝበዛ የሚጠብቀው ሕግ የወጣው በ1999 ነው። የተከለከሉ ምስሎችን ለራስ ይዞ መገኘት ወንጀል የሆነው ግን በ2014 በተሻሻለው ሕግ ነው፤ ቅጣቱም ተፈጻሚ መሆን የጀመረው ከጁላይ 2015 ነው። በእነዚያ ዐሥራ ስድስት ዓመታት ውስጥ አሳታሚዎችና የሥራ ወኪሎች መስመሩን እየታከኩ ነገዱ፤ ዛሬም ሕጉ በማይደርስበት ጠርዝ ላይ የሚነግዱ አሉ። ጸሐፊው ስለ አንባቢው ጣዕም ሦስት ሙሉ አንቀጽ ሲጽፉ፣ ውሉን ስለሚያዘጋጁትና በልጆቹ ስም ስለሚፈርሙት ሰዎች አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።